«ውኃውን ሰማይ ላይ በምን አወጣው?»

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ልጄ ዝናቡን ባየች ቁጥር «እማዬ፣ ውኃውን ሰማይ ላይ ማን አወጣው?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ነዋ!» ስላት «እሱንማ አውቃለሁ፤ ግን በምን አወጣው?» ብላ መልስ አሳጣችኝ። ብርጭቆ ውኃ ላይ የመላጫ አረፋ አድርገው፣ ቀለም እያንጠባጠቡ ዝናብን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አይቻለሁ፤ አረፋው ግን ውድ ሆነብኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የራሳችን ግቢ የለንም። ቤት ባለው ዕቃ ምን ላሳያቸው እችላለሁ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ እምነቷን የሚነካ ሳይሆን የነገሩን አሠራር ለማወቅ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ሳይደናገጡ «ነይ እንየው» ቢሏት ይበቃል። አረፋውን ባለመግዛትዎ ደግሞ ምንም አልቀረብዎትም። ያ ሙከራ ለዓይን ቢያምርም፣ ሕፃኑ ደመናን እንደ ከረጢት ሞልቶ የሚፈስ ነገር አድርጎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ደመና ግን በዓይን ነጥለን ልናያቸው የማንችላቸው እጅግ ደቃቅ የውኃ ጠብታዎች ስብስብ ነው፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሆን ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው።

«በምን አወጣው?» ለሚለው የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጥዎት የልብስ ማስጫው ነው። ሁለት እኩል ጨርቆችን እኩል አርጥበው፣ አንዱን ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ ሌላውን አጥፈው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። የቱ ቀድሞ እንደሚደርቅ ልጆቹ አስቀድመው ይገምቱ። አንደኛው ሲደርቅ «ውኃው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቋቸውና መልሱን ለመናገር አይቸኩሉ።

የፀሐይ ሙቀት ውኃውን የማይታይ እንፋሎት አድርጎ ወደ አየር አውጥቶታል። ይህን እንፋሎት ለመረዳት ወደ ማንቆርቆሪያው ይሂዱ። ውኃው ፍልቅልቅ ብሎ ሲፈላ፣ ልጆቹ ከምድጃው ራቅ ብለው ቆመው የማንቆርቆሪያውን አፍ ትኩር ብለው እንዲያዩ ያድርጉ። ነጩ ነገር የሚጀምረው ከአፉ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው፤ በመካከሉ ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። እንፋሎቱ ያለው እዚያ ባዶ በሚመስለው ቦታ ላይ ሲሆን፣ እሱ አይታይም። ነጩ ደግሞ እንፋሎቱ ወጥቶ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ውኃ የሆነው፣ ማለትም ትንሽ ደመና ነው። በዚህ ብዙ አዋቂዎችም እንሳሳታለን። ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ጭልፋ ነጩ ላይ ራስዎ ቢይዙ፣ ጠብታዎች ተሰብስበው ሲወርዱ ያያሉ። እንጀራ ሲጋገር ከአክንባሎው ጠርዝ የሚንጠባጠበውም ይኸው ነው።

ደመናን ለብቻው ማሳየት ከፈለጉ፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ በሞቀ ውኃ አለቅልቀው ሲሶ ያህል ትኩስ ውኃ ይጨምሩበትና ክዳኑን ገልብጠው በላዩ በረዶ ያስቀምጡ። መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ ነው። ቀጥሎ ክዳኑን ከፍተው ጥቂት የእጣን ጭስ አስገብተው ወዲያው ቢከድኑት፣ ውስጡ ሲጉምና ሲዞር ይታያል፤ ምክንያቱም እንፋሎት ጠብታ ለመሆን የሚይዘው ደቃቅ ቅንጣት ይፈልጋል። በሰማይም ላይ አቧራ፣ ጭስና የባሕር ጨው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ለልጅዎ በዚህ አጋጣሚ፣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ እንዲሁም ከኮንጎ ደኖች የተነሣ እርጥበት በነፋስ ተጉዞ ተራሮቻችን ጋ ሲደርስ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ እዚያም ቀዝቅዞ ክረምታችን እንደሚሆን ይንገሯት።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምልዎት ግን የዝናብ መለኪያውን ነው፤ የአንድ ቀን ትርኢት ሳይሆን እስከ መስከረም የሚዘልቅ ሥራ ነውና። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን እንደ ማጥለያ ገልብጠው መልሰው ይክተቱት። የጠርሙሱ ሥር ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ያድርጉበትና ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ውኃ ሞልተው፣ እዚያ ላይ «0» ብለው ማስመሪያ ይለጥፉበት። በረንዳ ላይ ግን አያስቀምጡት፤ ሕንፃው ዝናቡን ስለሚከልለው የሚያነቡት ቁጥር ውሸት ይሆናል። የጋራ ግቢው ውስጥ ከግድግዳና ከዛፍ በጣም የራቀ ቦታ ፈልገው፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፈው፣ ለጥበቃው አደራ ይስጡ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ልጅዎ ታንብብ፣ በደብተሯም ትጻፍ፤ ከዚያም ውኃውን እስከ 0 ድረስ ትድፋ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ካነበበች፣ መሬት ላይ ሜትር በሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በጠመኔ አስምረው ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሐሉ ላይ ያቁሙላት፤ ይህን ያህል ውኃ እዚህች ቦታ ላይ ብቻ መውረዱን ስታይ ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል።

ለነጎድጓድ በአየር የተነፋ የወረቀት ከረጢት ማፈንዳት ይበቃል፤ መብረቅ አየሩን እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚያግለው፣ አየሩ በድንገት ሲስፋፋ ይጮኻል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ቆጥራችሁ ለ3 ስታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ይህን የምታደርጉት ግን በረንዳ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሆናችሁ ነው፤ ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ መግባት አለበት፣ ዛፍ ሥር መጠለልም ፈጽሞ አይገባም።

የ4 ዓመቱ ልጅዎ ቁጥሩን ገና አያነብም። ለእሱ ከእህቱ ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ይተዉለትና ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አይቶ ፀሐይ፣ ደመና ወይም ጠብታ ይሣልበት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እህቱ ከጻፈችው ቁጥር ጋር አብረው ያስተያዩት።