ከመጠኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር እዩዋት፦ ስለ ማኑፋክቸሪንግ ሙያ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ እነሆ።

ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ነው። «ማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነሪንግ» እና «ማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? የቱን ልምረጥ?

በጥቅሉ የመጀመሪያው ወደ ቲዎሪና ሒሳብ ያደላል፣ ሁለተኛው ወደ ወርክሾፕ። አንዱ ዕቃው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ሲያሰላ፣ ሌላው ያው ዕቃ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ደረጃ፣ በምን ተይዞ ቢሠራ ቶሎና ሳይበላሽ እንደሚወጣ ያስባል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው የምታያቸው። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዪውና የትምህርቱን ዝርዝር ተመልከቺ። ወርክሾፕ በሳምንት ስንት ሰዓት አለው? ማሽኖቹ ይሠራሉ? ተማሪ ይነካቸዋል ወይስ ከሩቅ ነው የሚያያቸው? አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አጣሪ፤ በአንዳንድ አገሮች የኢንጂነር የሙያ ፈቃድ ሲሰጥ ሁለቱ ዲግሪዎች እኩል አይታዩም።

ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ልተወው?

አትተወው። ወርክሾፕ ላይ በየቀኑ የምትፈልገው ሒሳብ ብዙ አይደለም፣ ግን እጅህ ላይ መኖር አለበት። ለምሳሌ ብረት በ20 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ልትበሳ ነው እንበል፣ የመቁረጫው ፍጥነትም በደቂቃ 30 ሜትር ነው። 30ን በ1000 ታባዛለህ፣ ከዚያ 3.14 በ20 ሲባዛ ለሚመጣው ታካፍላለህ፤ በደቂቃ ወደ 480 ዙር ይሰጥሃል። መሰርሰሪያው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ 1900 ይደርሳል። ቀጭኑ ለምን ቶሎ፣ ወፍራሙ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚዞር አንዴ እንዲህ ሠርተህ ካየኸው አይረሳህም። ትሪጎኖሜትሪንም እንዲሁ ከሥራው ጋር አያይዘህ ተማረው።

የትኛውን የቴክኒክ ሥዕል ሶፍትዌር ልማር? ኦቶካድ? ሶሊድወርክስ?

ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ይሄ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቱም ይሁን። መክፈል ካልቻላችሁ ፍሪካድ ነፃ ነው፣ በእሱ ጀምሩ። አንዱን በደንብ የያዘ ወደ ሌላው በጥቂት ሳምንት ይሻገራል። ሰው የሚጎድለው ሶፍትዌር ሳይሆን ሥዕል ማንበብና መለካት ነው።

ሥዕሉ ላይ 25 ኤች7 የሚል ቀዳዳ አያችሁ እንበል። ይሄ ማለት ቀዳዳው ከ25.000 እስከ 25.021 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቀድለታል ማለት ነው። የሚገባበት ሻፍት (ዘንግ) ጂ6 ከሆነ ደግሞ ከ24.980 እስከ 24.993። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ዕቃው እንደልብ ይዙር ወይስ ይንቀጫቀጭ የሚለውን ይወስናል። ቶለራንስ የሚሉት ለእያንዳንዱ የተፈቀደውን ይሄን የመጠን ልዩነት ነው። ያቺን ትንሽ ቁጥር ያላየ ሰው ምን ያህል የሚያምር ሥዕል ቢሠራ ፋብሪካ ውስጥ ቁርጥራጭ ነው የሚያመርተው፣ ወይም ደግሞ ሳያስፈልግ ጠባብ ቶለራንስ ይጽፍና የዕቃውን ዋጋ ያንረዋል።

ወርክሾፕ የገባሁ ሰሞን በሌዝ (ዕቃውን እያዞረ በሚያስቆርጥ) ማሽን 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አልሙኒየም ሠርቼ፣ ገና ትኩስ እያለ በማይክሮሜትር ለካሁት። ልክ ነበር፣ ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። በማግስቱ ጠዋት ሲለካ ቀጥኖ ተገኘና ተጣለ። አልሙኒየም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር በዚያ ውፍረት ላይ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ያብጣል፤ የልኬት መነሻ ሙቀት ደግሞ በዓለም ደረጃ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይሄን የትኛውም ሶፍትዌር አልነገረኝም። ስለዚህ ካሊፐር ግዙ ወይ ተዋሱ፣ ያገኛችሁትን ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ቧንቧ ለኩ፣ በእጃችሁ ሣሉት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሥሩት። ያንኑ ዕቃ አምስት ጊዜ ለክታችሁ አምስቱም አንድ ዓይነት ካልመጣ አያያዛችሁን አስተካክሉ።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) መማር እፈልጋለሁ፣ ማሽን ግን የለኝም።

ጂ ኮድን፣ ማለትም ማሽኑ የሚታዘዝበትን ቋንቋ፣ በወረቀት መጀመር ትችላለህ። ጂ00 በፍጥነት መሄድ፣ ጂ01 እየቆረጡ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ጂ02 እና ጂ03 ቅስት፣ ኤም03 ማዞር፣ ኤም05 ማቆም። አንድ ካሬ፣ ከዚያ ማዕዘኑ የተጠማዘዘ ካሬ ጻፍ። ሊኑክስሲኤንሲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማሽን ሳይኖርህ ስክሪን ላይ ያሳይሃል። ጂ01 መሆን የነበረበት ቦታ ጂ00 ከጻፍክ መቁረጫው በሙሉ ፍጥነት ብረቱን ይመታል፤ ስህተቱን እዚያው ስክሪኑ ላይ ሥራውና እየው። እውነተኛው ማሽን ላይ ስትደርስ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ከዕቃው በላይ አየር ላይ፣ መስመር በመስመር አስኪደው። ደግሞ ተራውን ሌዝ በእጅህ ሳታዞር ወደ ሲኤንሲ አትዝለል፣ ብረት ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ብዙ ያስተምራል።

ሮቦት ሥራውን አይወስድብንም?

በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ኤምአይቲ ውስጥ የታየው በ1952 ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሥራ ጠፍቷል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ሮቦቱ የሚይዝበትን መጨበጫ የሚሠራ፣ ሴንሰሩ ሲቆሽሽ የሚያውቅ፣ መስመሩ ሲቆም የሚያስነሳ ሰው ያስፈልጋል። ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) እና እሱ የሚጻፍበትን ላደር ሎጂክ ጨምሩበት፣ እዚያ በኩል ሰው ይፈለጋል።

ሴት ነኝ። ጉልበት ይጠይቃል ይሉኛል።

ከባድ ዕቃ በክሬን ነው የሚነሳው። በጉልበቱ የሚያነሳ ወንድም ወገቡን ይጎዳል። ግቢ እህቴ!

በሚቀጥለው ወር ተለማማጅ ሆኜ ፋብሪካ እገባለሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደኅንነትህ። የዓይን መከላከያ አድርግ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ ረጅም ፀጉር ካለህ እሰረው። የሚዞር ማሽን ላይ ጓንት አታድርግ፣ ይዞ ይጎትትሃል። የቻክ (ዕቃውን ጨብጦ የሚያዞረው ክፍል) ቁልፍ ቻኩ ላይ ትተህ እጅህን አታንሳ፣ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን።

ከዚያ ኦፕሬተሮቹን አክብር። ሃያ ዓመት አንድ ማሽን ላይ የቆመ ሰው መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር ያውቃል፤ «ይሄን ለምን እንዲህ ያደርጉታል?» ብለህ በትሕትና ጠይቅና ማስታወሻህ ላይ ጻፍ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማሽን ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ሲቀየር ለስንት ደቂቃ እንደሚቆም ቆመህ ቁጠር። ከዚያ ውስጥ ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ ቀድሞ መዘጋጀት የሚችለውን ለይ፤ ቁልፍ ፍለጋ፣ መቁረጫ ማምጣት፣ ወረቀት ማስፈረም። ያን ዝርዝር ለኃላፊህ ከማሳየትህ በፊት ለኦፕሬተሩ አሳየው።