የያናጊባህን ፊት ሳል፣ ጀርባውን ጠብቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አዲሱን ያናጊባህን፣ ያን ጥሬ ዓሣ የሚቆረጥበትን ረጅም የጃፓን ቢላ፣ እንደ ተራ ቢላ በሁለቱም በኩል ስለኸዋል። አሁን ሳልሞኑን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፤ የቢላው መልክም ደብዝዟል። እኔም የጃፓን ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ስለምሠራ ይህ ቢላ ከእጄ አይለይም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። አይዞህ፣ የሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ ቢላውን አገላብጠህ እየው። ለቀኝ እጅ የተሠራ ከሆነ ሰፊው ተዳፋት በቀኝ ገጹ፣ ማለትም በፊቱ ብቻ ነው። ኪሬሃ ይሉታል። ተዳፋቱ የሚጀምርበት መስመር ደግሞ ሺኖጊ ነው። ጀርባው፣ ማለትም ተዳፋት የሌለው ሌላኛው ገጹ፣ ለዓይን ዝርግ ይመስላል፤ ማስመሪያ አስደግፈህ ወደ ብርሃን ብታየው ግን መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ድንጋይ ላይ ስታስተኛው የሚነካው ዙሪያውን ያለው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ዓሣው ቢላው ላይ እንዳይጣበቅ የሚረዳው ይህ ጉድጓድ ነው። ጀርባውን ሻካራ ድንጋይ ላይ የሚፈትግ ሰው ያን ቀጭን ጠርዝ እያሰፋ ጉድጓዱን ይበላዋል። አንዴ ከጠፋ መመለሱ የባለሙያ ሥራ ነው። በኦሳካ አጠገብ ባለችው ሳካይ ከተማ ብረቱን የሚቀጠቅጠውና ቢላውን የሚስለው ለየብቻ ናቸው፤ መሳል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሁለት ጎማ መሃል የሚጎተተውን መሳያና የብረት ሞረዱን ከዚህ ቢላ አርቅልኝ።

ድንጋይ ብዙ አያስፈልግህም። ባለ 1000 ቁጥር አንድ ድንጋይ፣ ለማለስለሻ ደግሞ ከ5000 እስከ 8000 ካለው ውስጥ አንድ ይበቃሃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል። ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ንከረው። ድንጋዩ ዝርግ መሆኑን ግን ሳታረጋግጥ አትጀምር። በእርሳስ መረብ አስምርበትና በአልማዝ ሰሌዳ ፈትገው፤ መስመሩ በሙሉ ሲጠፋ ደርሷል።

አሁን ወደ ፊቱ። ስለ ማዕዘን አትጨነቅ። ኪሬሃውን ሙሉ በሙሉ አስተኛው፤ ማዕዘኑን ቢላው ራሱ ይሰጥሃል። ብረቱ የሚበላው ጣትህ በተጫነበት ቦታ ስለሆነ ጣቶችህን ከስለቱ አጠገብ አሳርፍ። ተዳፋቱን በማርከር ብትቀባው ድንጋዩ የት እንደነካና የት እንደዘለለ ወዲያው ታያለህ። የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ቶሎ ቶሎ አትጠበው፤ እሱም ይስላል። ከተረከዙ እስከ ጫፉ ድረስ ጀርባው በኩል ካኤሪ እስኪወጣ ቀጥል። ካኤሪ ማለት ወደ ጀርባ የሚታጠፈው ቀጭን የብረት ቅሪት ነው። አውራ ጣትህን ከጀርባው ተነስተህ በስለቱ አሻግረህ ወደ ውጭ ስታንሸራትት ሸከር ብሎ ይይዝሃል። በስለቱ ርዝመት ግን ጣትህን እንዳታንሸራትት!

ከዚያ ቢላውን ገልብጥና ለስላሳው ድንጋይ ላይ ብቻ ጀርባውን ልጥፍ አድርገህ አስተኛው። ጫን ሳትል ጥቂት ጊዜ ግፋው፣ ሳበው። በቃ። ካኤሪው ካልለቀቀ ወደ ፊቱ ተመለስ፣ እዚያው ለስላሳው ድንጋይ ላይ ቀለል አድርገህ ሳል፣ እንደገና ጀርባውን። ጀርባውን ለፀጉር ያህል እንኳ ብታነሳው ሁለተኛ ተዳፋት ይፈጠራል። አንተም ጋ የሆነው ይኸው ይመስለኛል። መድኃኒቱ ታዲያ ጀርባውን መፈተግ አይደለም። በ1000ው ፊቱን እየሳልክ ያ የተበላሸ ጠርዝ እስኪያልፍ ድረስ ብረቱን ቀስ በቀስ ከፊት በኩል አውርደው። ጊዜ ይወስዳል፤ ታገስ። መጨረሻ ላይ ቢላውን በጣም ትንሽ ቀና አድርገህ ፊቱን ብቻ ሁለት ሦስቴ ዳሰስ ብታደርገው ስለቱ ቶሎ አይሸረፍም። ለጀማሪ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ማወልወሉ የሚሳካው እያንዳንዱ ድንጋይ የቀደመውን ጭረት ሲያጠፋ ነው። ወደ መብራት አዘንብለህ እየው፤ የ1000ው ጭረት ካለ ተመለስ። አብዛኛው ያናጊባ ለስላሳ ብረትና ጠንካራ ብረት ተጣብቀው የተሠሩበት ነው። የድንጋዩን ጭቃ በጨርቅ ወስደህ ተዳፋቱን ብታሸው ለስላሳው እንደ ጉም ይደበዝዛል፣ ስለቱ በኩል ያለው ያበራል። በብረት ማወልወያ ቅባት ግን ሁሉም እኩል ያብለጨልጭና ያ ልዩነት ይጠፋል። እኔ አልወደውም።

ብረቱ የሚዝግ ዓይነት ከሆነ ወዲያው አድርቀህ ሽታ የሌለው ዘይት ስስ አድርገህ ቀባው። አዲስ የተሳለ ቢላ የብረት ሽታ ስለሚኖረው ሥራ ስትጨርስ ማታ ስለህ ብታሳድረው ይሻላል። ግራኝ ከሆንክ ግን ድንጋይ ከማስነካትህ በፊት ንገረኝ፤ ለቀኝ እጅ የተሠራ ቢላ በመሳል ብቻ ለግራ አይሆንም።