«እንዲሁ ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል፣ ታዲያ ሰመመን ሲሰጡኝስ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ አምዱን ሁሌ አነባለሁ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 52 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእንቅልፍ ምርመራ ተደርጎልኝ ስሊፕ አፕኒያ አለብህ፣ በሰዓት 38 ጊዜ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ ከባድ ነው ተብዬ ሲፓፕ ማሽን (በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ) ታዘዘልኝ። እውነቱን ልናገርና በሳምንት ሦስት ወይ አራት ቀን ነው የማደርገው፣ ማስኩ አፍንጫዬን ይልጠኛል፣ ሌሊት ሳላውቀው አውልቄ ጥዬው ነው ጠዋት የማገኘው። አሁን ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለኦፕራሲዮን ተቀጥሬያለሁ፣ በሙሉ ሰመመን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ አያርፍም። በራሴ እንቅልፍ እንኳን ትንፋሼ የሚቆም ሰው በመድኃኒት አስተኝተውኝ እንዴት ልነቃ ነው? ለሰርጂኑ ስነግረው «አታስብ እኛ አለንልህ» ብሎኝ አለፈ፣ ባለቤቴ ደግሞ ለምን በግማሽ ማደንዘዣ አይሠሩህም ትላለች። ማሽኑንስ ይዤ ልግባ ወይስ ቤት ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልዎ፣ ማሽኑን ይዘው ይግቡ። ማስኩንም፣ ገመዱንም፣ ስምዎ ተጽፎበት። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

መፍራትዎ ልክ ነው፣ የፈሩበት ሰዓት ግን ሌላ ነው። እርስዎ የፈሩት ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ያሉበትን ሰዓት ነው አይደል? እኔ ደግሞ በአንስቴዥያ (ሰመመን በመስጠት) ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ ሁሉም ተሳካ ብሎ እፎይ ያለበት ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲተኙ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከቆመ አፕኒያ እንለዋለን። ኦክስጅን ይወርዳል፣ የተቃጠለው አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያኔ አንጎል ይደነግጥና ይቀሰቅስዎታል፣ እህህ ብለው ይተነፍሱና መልሰው ይተኛሉ፣ ጠዋት አንዱንም አያስታውሱትም። በሰዓት 38 ጊዜ የሆነው እሱ ነው (ከ30 በላይ ከባድ የሚባለው ነው)። እንግዲህ እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየዎት ያ መደንገጥ ነው። ሰመመን የሚወስደው ደግሞ እሱኑ ነው፣ ጉሮሮውንም ያላላል ቀስቃሹንም ያጠፋል።

ይሄን ሲያነቡ የባሰ እንደፈሩ አውቃለሁ ግን ይቆዩኝ። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ቱቦው በአፍ ገብቶ የሚዘጋውን ቦታ አልፎ የአየር ቧንቧ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ምላስዎ የፈለገበት ቢወድቅ ለውጥ የለውም፣ ማሽን ይተነፍስልዎታል፣ ኦክስጅንዎም የሚያስወጡት የተቃጠለ አየርም በየትንፋሹ ስክሪን ላይ ይታያል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ሳይኖረው እሱን እያየ አጠገብዎ ይቆማል። እውነት ለመናገር ከዓመታት ወዲህ ሳይቆራረጥ የተነፈሱበት እንቅልፍ እሱ ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪው መግቢያውና መውጫው ነው። ሲገቡ፣ እንቅልፉ ወስዶዎት ቱቦው ገና ሳይገባ ያለችው ጊዜ አለች፣ አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ በማስክ አየር ማስገባትም ቱቦ ማስገባትም ሊያስቸግር ይችላል። ይሄን ቀድሞ ያወቀ ባለሙያ ጭንቅላትና ትከሻዎን ከፍ አድርጎ ያስተኛዎታል፣ ሳያስተኛዎት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ያስተነፍስዎታል፣ ካሜራ ያለውን የጉሮሮ ማያ እጁ ላይ ያደርጋል። ሲወጡ ደግሞ ጡንቻ ለማላላት የተሰጠው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ መልቀቁ በመሣሪያ ተለክቶ፣ እርስዎም በደንብ ነቅተው ዓይን ገልጠው የሚባሉትን እየሰሙ፣ ቀና ብለው ነው ቱቦው የሚወጣው። ሳያውቅ የገባ ባለሙያ ግን ለማንም እንደሚያደርገው ያደርጋል። ለዚህ ነው ለሰርጂኑ መንገር የማይበቃው። ትንፋሽዎን የሚይዘው አንስቴዥያ የሚሰጠው ነው፣ ከቀኑ በፊት አገናኙኝ ይበሉ፣ አልጋ ላይ እየተገፉ በር ላይ ሲደርሱ አይሆንም። የእንቅልፍ ምርመራውን ወረቀት፣ የማሽንዎን የግፊት ቁጥር፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ድሮ ሰመመን ወስደው ያስቸገረ ነገር ካለ እሱን ይዘው ይሂዱ። ማሽኑን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንደሚያደርጉትም ሳያፍሩ ይንገሩ፣ ማንም አይቆጣዎትም፣ ሁልጊዜ አደርጋለሁ ብለው ካሳመኑት ግን ስሌቱ ሁሉ ይዛባል።

አሁን ወደ ዋናው። ቱቦው ወጣ፣ ሪከቨሪ (የመንቂያ ክፍል) ገቡ፣ ከዚያ ዋርድ (መኝታ ክፍል)። ሰውነት ውስጥ የሰመመኑ ርዝራዥ አለ፣ ቁስሉ ስለሚያም እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ ይሰጣል፣ እነዚህ ትንፋሽን ያዘገያሉ፣ ያ ቀስቃሽ የምንለውንም ያፈዙታል። በዚያ ላይ በጀርባ ተኝተዋል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬም ስክሪኑም የለም። ቤተሰብ አልጋው ዙሪያ ተቀምጦ «ተመስገን፣ እንዴት ደስ የሚል እንቅልፍ ወሰደው፣ እንዳትቀሰቅሱት» ይላል። እንዴ! ከኦፕራሲዮን ወጥቶ፣ ማስታገሻ ወስዶ፣ በኃይል እያንኮራፋ በመሀል ፀጥ የሚል ሰው ጥሩ እንቅልፍ ላይ አይደለም። ትከሻውን ነካ ማድረግ፣ ተንፍስ ማለት፣ ነርስ መጥራት ነው። ይሄንን አንቀጽ ባለቤትዎ ያንብቡት።

ሌላው ሰውን የሚያታልል ነገር ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ናት። በአፍንጫ ኦክስጅን እየተሰጠ ከሆነ ቁጥሩ 97 እያሳየ እንኳን ሰውዬው በደቂቃ የሚተነፍሰው እያነሰ፣ የተቃጠለው አየር እየተጠራቀመ ሊሄድ ይችላል፣ መለኪያዋ የምትጮኸው ዘግይታ ነው። መለኪያው ይቅር ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቀል ይሁንልኝ ብለው ይጠይቁ፣ ግን ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትረጋጉ፣ የደረቱን መነሣትና መውረድም ቁጠሩ።

ማሽኑን ይዘው ይግቡ ያልኩት ለዚህ ነው። ሪከቨሪ ላይ ነቃ እንዳሉ፣ ከዚያም በተኙ ቁጥር፣ ቀን ላይ ሸለብ ሲያደርግዎ እንኳን ፊትዎ ላይ ይሁን። ሆስፒታሉ የራሱ ቢኖረው እንኳን ማስኩ በእርስዎ ፊት ልክ ላይሆን ይችላል። እስከዚያ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ደግሞ በየሌሊቱ ይልመዱት። የሚልጥዎት ማስኩ መጠኑ ወይ ዓይነቱ ስላልተስማማዎት ነው እንጂ ሁሉም እንደዛ ስለሆነ አይደለም፣ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የምትቀመጥ ትንሽዬም አለች፣ አየሩን የሚያረጥብ ዕቃም አለ፣ ወስደው ያስለውጡት። ለነገሩ የሲድኒው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን ይሄን ሕክምና በ1981 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ማስኩን በየሌሊቱ በማጣበቂያ ፊታቸው ላይ እየለጠፉ ነበር የሚተኙት፣ እነሱን ያስቡ።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ደግሞ፣ ምንም አልወስድም አይበሉ፣ የሚያመው ሰው በደንብ አይተነፍስም። የሚሻለው ፓራሲታሞልና ኩላሊትና ጨጓራዎ ከፈቀደ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ መሠረቱን ይዞ፣ ሰርጂኑ ቁስሉ ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ወግቶ፣ ሞርፊን ነክ የሆነው በትንሹ ካስፈለገ ብቻ መሆኑ ነው፣ ይሄንን ጠይቁ። ቤት ሲሄዱም ተሰጥቶዎት የሚሄዱትን ክኒን ስሙን አይተው ይያዙ ምክንያቱም አደጋው በመጀመሪያዋ ሌሊት አያልቅም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ለአንድ ሁለት ሌሊት ይጠፋና በሦስተኛው አካባቢ በዝቶ ይመለሳል፣ አፕኒያ የሚብሰው ደግሞ በሱ ጊዜ ነው፣ ብዙ ሰው ያኔ ቤቱ ነው። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን ጭራሽ አይሞከርም። በጎን ወይ ከወገብ ቀና ብለው ይተኙ።

የባለቤትዎን ሐሳብ ሳልመልስ እንዳልቀር። የሐሞት ጠጠር በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ) ሲሠራ ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ሰመመን ነው። እግር ወይ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ባለቤትዎ ልክ ናቸው እል ነበር፣ በወገብ የሚሰጠው ስፓይናል ወይ የነርቭ ማደንዘዣ ለእርስዎ ዓይነት ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ግን «ግማሽ» ሲባል ቱቦ ሳይገባ በመርፌ ከበድ አድርጎ ማስተኛት ከሆነ ያ ለአፕኒያ ከሙሉው ሊብስ ይችላል፣ ጉሮሮው ላልቷል፣ የሚጠብቀው ቱቦ የለም። ቀላል የሚመስለው ሁሉ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ግፊት አለባቸው፣ ማንኮራፋታቸው ጎረቤት ይሰማል፣ አንዳንዴ ፀጥ ሲሉ እኔ ነኝ ከሌላ ክፍል የምደነግጠው። ተመርምረው አያውቁም። በሚቀጥለው ሳምንት የኸርኒያ ኦፕራሲዮን አላቸው፣ የእንቅልፍ ምርመራ ወረፋው ደግሞ ወራት ነው አሉኝ። ላስተላልፈው? እሳቸው እኔ አላንኮራፋም ነው የሚሉት 😅

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያንኮራፋ ሰው አንኮራፋለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ስቶፕ ባንግ የሚባሉ ስምንት ጥያቄዎች አሉ፣ የቶሮንቶዋ የአንስቴዥያ ሐኪም ፍራንሲስ ቸንግና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው፣ ብዙ ሆስፒታል የሚጠቀምባቸው። በኃይል ያንኮራፋሉ ወይ፣ ቀን ይደክማቸዋል ወይ፣ ትንፋሻቸው ሲቆም ያየ አለ ወይ፣ ግፊት አለባቸው ወይ፣ ክብደታቸው ለቁመታቸው በጣም ይበዛል ወይ (ቢኤምአይ ከ35 በላይ)፣ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው ወይ፣ የአንገታቸው ዙሪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልፋል ወይ፣ ወንድ ናቸው ወይ። አንቺ ከጻፍሽው ብቻ ማንኮራፋቱ፣ የሚቆመው ትንፋሽ፣ ግፊቱ፣ ዕድሜው፣ ወንድነቱ አምስት ሆነ። ከአምስት ጀምሮ ተጋላጭነቱ ከፍተኛ ነው ይባላል። አፕኒያ አለባቸው ብሎ መፈረም አይደለም ግን አለባቸው ብሎ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ማስተላለፉን በራስሽ አትወስኚ። የአንስቴዥያና የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ተጠርጥረው ያልተመረመሩ ሰዎችን ለዚሁ ብቻ ብሎ ኦፕራሲዮን ለማዘግየት በቂ ማስረጃ የለም ነው ያለው፣ ልዩነቱ ያልተስተካከለ የልብ ወይ የሳንባ ችግር ካለ ወይ ሳይተኙም ኦክስጅናቸው ዝቅ የሚል ከሆነ ነው፣ እሱን ሐኪሙ ያይላቸዋል። ኸርኒያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስፓይናል ወይ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፣ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። የምርመራውን ወረፋ ግን ዛሬውኑ ያዢላቸው፣ ኦፕራሲዮኑ አለፈ ብለሽ እንዳትተዪው።

ለአንስቴዥያ ባለሙያው እሳቸው አላንኮራፋም ማለታቸው ስለማይቀር ዛሬ ማታ በስልክሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቅረጪና አሳዪው። መብራት አታብሪ ይነቃሉ፣ ድምፁ ብቻ ይበቃል።