ቮቱን መርተን ዴሳንጉን ለምን አጣን? የኬፖፕ ሽልማቶችን በተመለከተ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የኮሪያ የሙዚቃ ሽልማቶች ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ተደራርበው ይመጣሉ፤ የአንባቢያን ጥያቄም አብሮ ይበዛል። ከደረሱን መካከል ብዙዎች የሚጋሯቸውን መርጠናል። ቮት የምንለው የአድናቂዎችን የድምፅ አሰጣጥ፣ ዴሳንግ የምንለው ደግሞ የምሽቱን ታላቅ ሽልማት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሳምንታት ቮት ስናደርግ ከርመን፣ ቡድናችን በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ ዴሳንጉ ለሌላ ተሰጠ። ድምፃችን ተሰርቋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመራችሁት ዴሳንጉ በማይወሰንበት ምድብ ሳይሆን አይቀርም። ኮሪያ ውስጥ ሁሉንም የሚያጠቃልል አንድ ሽልማት የለም። ብዙ ሽልማቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ መስፈርት አለው። ማማ የኤምኔት ቴሌቪዥን ሽልማት ነው፤ በ1999 የሙዚቃ ቪዲዮ ሽልማት ሆኖ ጀመረ፣ በ2009 የእስያ ሽልማት ተብሎ ስሙ ሰፋ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ማማ አዋርድስ ይባላል። ጎልደን ዲስክ ከሱ ይቀድማል፤ በ1986 ሲጀመር የመጀመሪያውን ትልቅ ሽልማት የወሰደው ዘፋኙ ቾ ዮንግ ፒል ነበር። የሜሎን ሽልማት ሜሎን የተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎት በራሱ ደንበኞች አድማጭነት ላይ ተመሥርቶ የሚያዘጋጀው ነው።

ጎልደን ዲስክ የቆመው በሽያጭ ላይ ነው፤ ከፍተኛውን ድርሻ የአልበምና የዲጂታል ሽያጭ ይይዛል፣ የቀረውን ዳኞች ይሞሉታል። የሕዝብ ድምፅ የሚገባው በተወዳጅነት ሽልማቱ ላይ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ዋንጫ ስለሆነ ዴሳንጉን አይነካም። በማማም የዓመቱን አርቲስት፣ ዘፈንና አልበም በዋናነት የሚወስኑት የሽያጭና የስትሪም ቁጥሮች ከዳኞች ጋር ሆነው ነው። የአድናቂው ድምፅ ንጉሥ የሚሆነው የአድናቂዎች ምርጫ በሚባለው ምድብ ነው።

ስለዚህ ቮት ከመጀመሩ በፊት የመስፈርቱን ገጽ ከፍታችሁ በየምድቡ አጠገብ ያለውን መቶኛ እዩ። ድምፅ ምንም ድርሻ የሌለው ከሆነ ጉልበታችሁን ለሌላ አቆዩ። ከ10 እስከ 20 በመቶ ከሆነ የሚጠቅመው ፉክክሩ ጠባብ ሲሆን ብቻ ነው። 100 በመቶ የሆነበት ምድብ ካለ ፋንደሙ (የቡድኑ አድናቂ) ሁሉ እዚያ ላይ ይረባረብ። መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚቀየር ያለፈው ዓመት ፖስተር አያስተማምንም።

ጥርጣሬያችሁ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2019 የኤምኔት የቡድን መምረጫ ውድድር የተመልካች ድምፅ መጭበርበሩ ተጋልጦ አዘጋጆቹ እስር ተፈርዶባቸዋል። ያ የሽልማት ዝግጅት ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ አድናቂዎች ለማንኛውም የድምፅ ቆጠራ ማብራሪያ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ዴሳንግና ቦንሳንግ ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ቦንሳንግ ዋና ሽልማት ነው፤ በአንድ ምሽት ለበርካታ አርቲስቶች ይሰጣል። ዴሳንግ ታላቁ ሽልማት ነው። በጎልደን ዲስክ ዴሳንጉ የሚወጣው ቦንሳንግ ካገኙት መካከል ነው፤ ስለዚህ ቦንሳንግ ያላገኘ ስም ለዴሳንግ አይጠበቅም። ማማ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ዴሳንግ ይሰጣል፤ ቢቲኤስ በ2019 አራቱንም ጠቅልሎ የወሰደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ ላይ የወጣ ዘፈን በዚያው ሰሞን በተካሄደው ሽልማት ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ለምን? (ከጅዳ)

መልስ፦ ሽልማቶቹ የሚያዩት የተወሰነ የመቁጠሪያ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መዝገቡ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይዘጋል። ኒውጂንስ የተባለው ቡድን «ዲቶ» የሚለው ዘፈን ጥሩ ምሳሌ ነው። የወጣው በዲሴምበር 2022 ነበር። በጃንዋሪ 2023 የጎልደን ዲስክን የዲጂታል ዴሳንግ የወሰደው ሌላው ቡድን አይቭ ነው። «ዲቶ» የራሱን ዴሳንግ ያገኘው በጃንዋሪ 2024፣ ከወጣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታኅሣሥ ላይ ኮምባክ የሚያደርግ (በአዲስ ሥራ የሚመለስ) ቡድን ሽልማቱ ያመልጠዋል ማለት አይደለም፤ ወረፋው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ዘፈኑ ሲደመጥ የሚቆጠርለት ጊዜ ስለሚረዝም እንዲያውም ሊጠቅመው ይችላል።

ጥያቄ፦ የኮሪያን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ስቀይር ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ቀላል ዘዴ አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፣ በጣም ቀላል ነው። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከውጭው በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ስለሚጣጣሙ በኮሪያ ሰዓት ላይ የምታዪው ቁጥር በእኛ አቆጣጠርም ያው ነው! በኮሪያ ምሽት 7 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 18:00 ተብሎ ከተጻፈ 12 ቀንሺለት፤ 6 ሰዓት ቀን ይሆናል። የምትጠነቀቂው ሌሊቱንና ቀኑን ነው፦ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ያለው የኮሪያ ሰዓት ለእኛ ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለው ለእኛ ሌሊት ነው። የኮሪያ ጠዋት 9 ሰዓት እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚፈለገው የኮሪያ እኩለ ሌሊት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የዕለቱ ቮት የሚታደሰው ያኔ ነው። እሱም ማታ 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ስለዚህ ማንቂያ ደወል ሁለት ጊዜ ሙዪ፤ 11 ሰዓት ከግማሽ ላይ የዕለቱን ላልሰጠ፣ 12 ሰዓት ከ10 ላይ ለአዲሱ ቀን። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ያላችሁ፣ በጥቅምት ወር የኮሪያ እኩለ ሌሊት በእናንተ ዘንድ (በውጭው አቆጣጠር) ከረፋዱ 11 ሰዓት ነው፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓት ስትቀይሩ 10 ሰዓት ይሆናል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት የአንድ ቀን ድምፅ የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው።

ለቀጥታ ስርጭቱ ዳታ አስቢ፤ ዩቲዩብ በ360 ጥራት በሰዓት ወደ 300 ሜጋባይት፣ በ480 ደግሞ ከ500 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። የማማ አንድ ቀን ዝግጅት ወደ አራት ሰዓት ይሄዳል፤ ቀዩ ምንጣፍ ከዚያ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በብዙ ኢሜይል ቮት ስናደርግ ቆይተን ድምፁ ድንገት ቀነሰ። ምን ተፈጠረ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተጣርቶ ተሰርዟል። በ2017 ማማ በጅምላ የተከፈቱ አካውንቶችንና በፕሮግራም የሚሰጡ ድምፆችን አግኝቶ መሰረዙ ይታወቃል፤ ማጣሪያው ከዚያ ወዲህ እየጠበቀ ሄዷል። ሥርዓቱ ዓይኑን የሚጥልባቸው ነገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር የተከፈቱ ብዙ አካውንቶች፣ ስማቸው በቁጥር ብቻ የሚለያይ ኢሜይሎች፣ በየሰከንዱ እኩል እየተከታተለ የሚገባ ድምፅ፣ አሁን ከአሜሪካ ትንሽ ቆይቶ ከጃፓን የሚታይ ቪፒኤን ናቸው። ክፉው ነገር ሲሰረዝ አብሮ የሚሄደው እውነተኛው አካውንታችሁም ሊሆን መቻሉ ነው፤ በአንድ ካፌ ዋይፋይ አርባ አካውንት ከተከፈተ የእናንተው ትክክለኛ አንዱ በዚያው መረብ ይያዛል።

የሚያዋጣው ይህ ነው፦ አካውንቱ ቮት ከመከፈቱ ከሳምንታት በፊት፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት፤ የማረጋገጫ መልእክቱ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ያኔውኑ ፈልጋችሁ አጽድቁት። ቪፒኤን አጥፉ። በራሳችሁ ሞባይል ዳታ ስጡ። ከነካችሁ በኋላ «ድምፅዎ ተመዝግቧል» የሚለው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ገጹ እየተሽከረከረ መውጣት ነው ብዙ ድምፅ የሚያስቀረው። መጨረሻው ቀን ላይ የመጨረሻውን ሰዓት አትጠብቁ፣ ሰርቨሩ ይጨናነቃል። ሃያ ሰው አንድ አንድ ድምፅ በየቀኑ ቢሰጥ ተሰርዞ ከሚቀር አምስት መቶ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ «ለቮት» እያለች በየጊዜው የሞባይል ካርድ ትጠይቀኛለች። ማጭበርበሪያ ይሆን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናታችን፣ መተግበሪያዎቹ በአብዛኛው ሕጋዊ ንግድ ናቸው። ነጻ ነጥብ የሚሰጡት በየቀኑ ለገባና ማስታወቂያ ላየ ሰው ነው፤ ማስታወቂያው ቪዲዮ ስለሆነ ካርዱን የሚበላው እሱ ነው። ነጥቡ ጊዜ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ልጆቹ እንዳይቃጠልባቸው ይቸኩላሉ። ነጥብ በገንዘብም ይሸጣል። የእኛ ምክር ለተወዳጅነት ሽልማት ብር አይከፈል ነው። ልጅዎ በቀን አንድ ጊዜ፣ በዋይፋይ፣ ማስታወቂያ ሳታይ ልትሰጥ የምትችላቸው ቮቶች አሉ፤ እነሱ ይበቃሉ። ትክክለኛው ማጭበርበሪያ በቴሌግራም «አካውንትሽን ስጪኝ፣ ቮት ላድርግልሽ» የሚለው ነው። የይለፍ ቃሏን ለማንም እንዳትሰጥ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ዴሳንግ እንዲያገኝ 20 አልበም ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተናል። ይቆጠርልናል? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ። ሀንቴዎ ሱቆች ለገዢ የሸጡትን በየሰዓቱ ይቆጥራል፤ «የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ» እየተባለ የምትሰሙት ከእሱ ነው። እዚያ እንዲገባ ሱቁ ከሀንቴዎ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ በሱቁ ገጽ ላይ ይጻፋል። ሰርክል፣ እስከ 2022 ድረስ ጋዎን ይባል የነበረው፣ ወደ ገበያ የወጣውን ቆጥሮ የተመለሰውን ይቀንሳል። ጎልደን ዲስክ የሚያየው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ለሽልማት ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ ያን ያህል አያስጨንቅ፣ መዝገቡ ሳይዘጋ መግዛት ይበቃል።

ግን ሚዛኑን እዩ። በ2023 በኮሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ አልበም ተሽጧል፤ ሴቨንቲን የተባለው ቡድን አንድ አልበም ብቻውን ከ6 ሚሊዮን አልፏል። ሃያው በዚያ ውስጥ አይታይም። የመላኪያው ክብደትና ቀረጡ ደግሞ በእናንተው ላይ ነው። ከአልበሙ ውስጥ ፎቶ ካርዱ ተወስዶ የቀረው የሚጣልባቸው ሳጥኖች ብዛት ኮሪያ ውስጥም የሚያነጋግር ቆሻሻ ሆኗል። የምታስቀምጡትን አንድ አንድ ግዙ፤ የተረፈው ገንዘብ ለኮንሰርት ይጠራቀም።

ጥያቄ፦ የኮሪያ ሽልማት ለምን ጃፓን ይካሄዳል? (ከመቐለ)

መልስ፦ ወቅቱ በኮሪያ የብርድ ጊዜ ስለሆነ ጣሪያ ያለው ትልቅ ቦታ ያስፈልጋል። ሴኡል ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ ቶኪዮ ዶም ግን ወደ 55,000 ሰው ይይዛል። ማማ በ2022 ኦሳካ፣ በ2023 ቶኪዮ፣ በ2024 ሎስ አንጀለስና ኦሳካ፣ በ2025 ሆንግ ኮንግ ሄዷል። ጎልደን ዲስክም ጃካርታና ፉኩኦካ ደርሷል። ትኬት የሚገዛውና ስፖንሰሩ ያሉበት መሄዱ ይገባል፤ ሜዳው ሩቅ ሲሆን ግን የኮሪያ ወጣት አድናቂ በራሱ ሽልማት ላይ መገኘት አይችልም። ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ሽያጭም ቮትም ሳይታይ በሙዚቃው ብቻ የሚሸለምበት የለም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ። በ2004 የተጀመረው የኮሪያ ሙዚቃ ሽልማት ነው። አሸናፊውን የሚመርጡት ሐያሲያን፣ የሙዚቃ ጋዜጠኞች፣ የሬዲዮ አዘጋጆችና ምሁራን ናቸው፤ ከኬፖፕ ጎን ለጎን ለሮክ፣ ለፎክ፣ ለጃዝ፣ ለሂፕሆፕና ለሜታል የተለየ ምድብ አለው። ቢቲኤስ በ2018 የዓመቱ ሙዚቀኛ የተባለው በዚሁ ነው። ብዙ ገንዘብ ያለበት መድረክ አይደለም። በ2017 የምርጥ ፎክ ዘፈን አሸናፊዋ ላንግ ሊ ኑሮዋ እንዳልሞላላት ተናግራ፣ የቤት ኪራይዋን ያህል በ500,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ዋንጫዋን እዚያው መድረክ ላይ በጨረታ ሸጣለች።

የእጩዎቹ ዝርዝር ከዝግጅቱ በፊት በየዘርፉ ይወጣል። ከኬፖፕ ውጪ ያለውን የኮሪያ ሙዚቃ መስማት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅም፤ የፎክና የዘመናዊ ሮክ ምድቦቹን ይዞ ከየአልበሙ አንድ አንድ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ መፈለግ ነው።