ሲኦል የወረደ ሁሉ ገሃነም ገባ ይባላልን?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። በትንሣኤ ሰሞን «ጌታ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነፃ አወጣ» ብዬ ሳስተምር አንዲት ልጅ «እንግዲያው ጌታ ገሃነም ገብቷል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» አልኳት እንጂ ልዩነቱን ላስረዳት አልቻልኩም። በቤትም በሰፈርም ሁለቱን ቃላት እያፈራረቅን ስንጠቀም ነው የኖርነው። ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው? ደግሞስ የሚባለው «ገሃነም እሳት» ነው ወይስ «ገሃነመ እሳት»?

መልስ፦ ለልጅቱ የሰጡት መልስ ትክክል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ሲኦልና ገሃነም ሁለት ቃላት ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቃላቱ ምንጭ የተለያየ ነው፣ የሚገቡበት ዓረፍተ ነገር የተለያየ ነው፣ ፍጻሜያቸውም የተለያየ ነው። ግዕዝ ሁለቱን ለይቶ ተቀበለ፤ አማርኛም ከግዕዝ ለይቶ ወረሰ። ዛሬ በንግግራችን የተዋሃዱት ልዩነታቸው ጠፍቶ ሳይሆን እኛ ስለዘነጋነው ነው፤ ልዩነቱ ሲዘነጋ ደግሞ ልክ እንደ ልጅቱ ጥያቄ ያለ ከባድ ችግር ይፈጠራል።

በሲኦል እንጀምር። ቃሉ በእብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 65 ጊዜ ያህል የሚገኘው «ሸኦል» ነው። እብራይስጥ «ሸ» በሚልበት ቦታ ግዕዝ «ሰ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሻሎም ሰላም፣ ሼም ስም፣ ሻማይም ሰማይ እንደሆኑት ሁሉ ሸኦልም ሲኦል ሆኗል። በብሉይ ኪዳን ሲኦል የሙታን ሁሉ ስፍራ ነው፤ ጻድቁም ኃጥኡም፣ ንጉሡም ባሪያውም የሚወርዱበት ጥልቅ። ኢዮብ በመከራው ብዛት የእግዚአብሔር ቍጣ እስኪያልፍ ድረስ በሲኦል እንዲሸሽገው ይለምናል (ኢዮብ 14፥13)፤ ሲኦል የኃጥአን ማቃጠያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጻድቅ መሸሸጊያ አድርጎ ባልለመነው ነበር። መክብብም «አንተ በምትሄድበት በሲኦል» ሥራና አሳብ፣ እውቀትና ጥበብ እንደማይገኙ ሲናገር (9፥10) የሚያነጋግረው እንጀራውን በደስታ እንዲበላ፣ ልብሱም ነጭ እንዲሆን የመከረውን ያንኑ ሰው ነው እንጂ የተረገመ ወንጀለኛ አይደለም። ዮናስም «በሲኦል ሆድ ውስጥ ሆኜ ጮኽሁ» ያለው በዓሣ አንበሪው ውስጥ ሳለ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ነገር ሳልጠቁም ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብ ስለ ዮሴፍ ሲያለቅስ «ወደ መቃብር እያዘንሁ እወርዳለሁ» ይላል (ዘፍጥረት 37፥35)፤ በእብራይስጡ ግን የተጻፈው ሸኦል ነው። ቆሬና ወገኖቹ ምድር ተከፍታ ስትውጣቸው ግን ያው አማርኛ «በሕይወታቸው ወደ ሲኦል» መውረዳቸውን ይናገራል (ዘኍልቍ 16)፤ እዚያም ቃሉ ያው ሸኦል ነው። ለደጉ አባት መቃብር፣ ለዓመፀኛው ሲኦል! ተርጓሚዎቹ ይህን በሁሉም ቦታ አላደረጉም፤ ኢዮብና ዳዊት ሲናገሩ ሲኦል የሚለውን ቃል አልቀየሩትም። ሆኖም አንባቢው ያዕቆብን ከሲኦል ጋር አንድ ላይ ስለማያገኘው፣ ሲኦል የክፉዎች ብቻ ነው የሚለው ግንዛቤ ሳይታወቀው ያድርበታል። ጠያቂያችን በክፍልዎ ያሉትን ሕፃናት ዘፍጥረትን ሲያስተምሩ በዚህ ቦታ ላይ ቆም ብለው ያዕቆብ በእብራይስጡ የተናገረውን ቃል ቢነግሯቸው ግማሹ ሥራ ያኔ ይጠናቀቃል ብዬ አምናለሁ።

ብሉይ ኪዳን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም ተርጓሚዎቹ ሸኦልን በአብዛኛው «ሐዴስ» አሉት። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎችም በግሪክኛ ሲጽፉ ይህንኑ ቃል ተከተሉ። ስለዚህ በመዝሙር 16፥10 «ነፍሴን በሲኦል አትተዋትምና» የሚለው ጸሎት በሐዋርያት ሥራ 2፥27 በጴጥሮስ አፍ ሲደገም እብራይስጡ ሸኦል፣ ግሪኩ ሐዴስ፣ የእኛ ደግሞ በሁለቱም ቦታ ሲኦል ነው። ጴጥሮስ ይህን ቃል የጠቀሰው ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ ሊመሰክር ነው። ክርስቶስ የሞቱት ሁሉ ወደ ወረዱበት ወረደ፤ በዚያም አልቀረም። አባቶቻችን «ሲኦል ተበረበረች» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ስፍራ፣ ስለ ሙታን ማደሪያ ነው። «ገሃነም ተበረበረች» ብሎ ያስተማረ አባት እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ገሃነም ከፍርድ በኋላ የሚመጣ እንጂ ከትንሣኤ በፊት ነፍሳት ታስረው ይጠብቁበት የነበረ ቤት አይደለምና። ለልጅቱ ሊነግሯት የሚገባው ይህን ነው፤ ጌታ የወረደው አዳምና አብርሃም ወደነበሩበት ነው።

ገሃነም ደግሞ ከአንድ የቦታ ስም የመጣ ቃል ነው። ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለ ሸለቆ በእብራይስጥ «ጌ ሂኖም» ይባላል፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የሄኖም ልጅ ሸለቆ» ይለዋል። በመጽሐፈ ኢያሱ (15፥8) የይሁዳ ነገድ ድንበር የሚያልፍበት ተራ ሸለቆ ነው፤ ገና ምንም ክፉ ነገር አልተባለበትም። በኋላ ግን ንጉሥ አካዝና ንጉሥ ምናሴ ልጆቻቸውን በዚያ በእሳት አሳለፉ (2 ዜና 28፥3፤ 33፥6)። ኢዮስያስ ያንን ለማስቆም በሸለቆው ያለውን ቶፌት የተባለውን የመሠዊያ ቦታ አረከሰው (2 ነገሥት 23፥10)። ነቢዩ ኤርምያስም ቦታው ከእንግዲህ «የእርድ ሸለቆ» እንጂ የሄኖም ልጅ ሸለቆ እንደማይባል ተናገረ (7፥32)። ልጆች የታረዱበት ቦታ የገዳዮቹ ፍርድ ቦታ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በአይሁድ ዘንድ ስሙ ከሸለቆው ተላቆ የመጨረሻው ፍርድ መጠሪያ ሆነ። ከተማችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ስለነበር ይህ ለአዳማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ናዝሬት ደርሼ መጣሁ» ሲሉ በሐሳቡ ወደ ገሊላ የሚሄድ ሰው የለም። ስም ከተነሣበት ምድር ርቆ የራሱን ኑሮ ይኖራል። «ገሃነም» የሚለውም ሰው ስለ ኢየሩሳሌም አቀማመጥ እያሰበ አይደለም።

በስብከት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር አለ፤ ሸለቆው በኢየሱስ ዘመን እሳት የማይጠፋበት የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር የሚል። ይህን የሚናገር እስካሁን የታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ በ1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ የኖረው የአይሁድ መምህር የዳዊት ቂምሒ የመዝሙር ትርጓሜ ነው፤ ከኢየሱስ ዘመን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። ትሉ የማይሞትበት፣ እሳቱ የማይጠፋበት የሚለውን ምስል ለማስረዳት ቆሻሻ መጣያ አያስፈልገንም፤ ማርቆስ 9፥48 ቃሉን የወሰደው ከኢሳይያስ መጽሐፍ የመጨረሻ ቁጥር (66፥24) መሆኑ ግልጽ ነውና።

ግሪኩ «ጌኤና» የሚለው ቃል በሐዲስ ኪዳን 12 ጊዜ ይገኛል። አሥራ አንዱ በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል የኢየሱስ የራሱ ንግግር ውስጥ ነው፤ አንዱ ያዕቆብ ስለ ምላስ ክፋት ሲጽፍ ነው (3፥6)። የቋንቋ ሰው ሆኖ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያነበበ ግሱን ልብ ይላል። ወደ ሲኦል ሰው ይወርዳል። ቅፍርናሆም «ወደ ሲኦል ትወርጃለሽ» ተባለች (ማቴዎስ 11፥23)፤ መዝሙረኛውም «ወደ ሲኦልም ብወርድ በዚያ አለህ» አለ (139፥8)። ወደ ገሃነም ግን በአብዛኛው ሰው ይጣላል፤ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት፣ መላ ሰውነትህ በገሃነም ከሚጣል ይሻልሃል የሚለውን ያስታውሱታል። መውረድ የሟች ሁሉ ጉዞ ነው፤ መጣል ግን የፈራጅ እጅ ያለበት ሥራ ነው። ልዩነቱ የሚፈጸመው በራእይ 20 ነው፤ በዚያ ሲኦል በእርሱ ያሉትን ሙታን ይሰጣል፣ ከዚያም «ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ» ይላል። ሲኦልና ገሃነም አንድ ቢሆኑ ሲኦል በራሱ ውስጥ ተጣለ ሊባል ነው። ሲኦል ፍጻሜ አለው፤ ባዶ የሚሆንበት ቀን አለው።

እንግዲህ መጽሐፉ ይህን ያህል ከለየ እኛ ለምን እንቀላቅላለን? አንዱ ምክንያት ራሱ የአማርኛው ትርጉም ነው። በማቴዎስ 16፥18 በግሪኩ የሐዴስ ደጆች የተባሉት፣ በግዕዙም «አናቅጸ ሲኦል» የተባሉት፣ በ1954ቱ አማርኛ «የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» ሆነዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር በየመድረኩ ስለሚጠቀስ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሲኦል ደጆች ማለት በብሉይ ኪዳን አነጋገር የሞት ደጆች ማለት ነው፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ሲል በዕድሜው እኩሌታ ወደ ሲኦል በሮች እንደሚሄድ ተናግሯል (ኢሳይያስ 38፥10)። ስለዚህ ቃሉ የሚለው ሞት ቤተ ክርስቲያንን አያሸንፋትም ነው፤ ምእመናን ቢሞቱም፣ ቢገደሉም እንኳ ደጁ ተዘግቶባቸው አይቀርም። ገሃነም ሲባል ግን ትርጉሙ ወደ አጋንንት ጭፍራና ወደ ጦርነት ዞሮ፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ የተነገረው ተስፋ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይወጣል። እኔ በዚህ ቦታ ግዕዙን እመርጣለሁ። በ2 ጴጥሮስ 2፥4 ደግሞ ኃጢአት ያደረጉ መላእክት የተጣሉበት ስፍራ በግሪኩ ከሐዴስም ከጌኤናም የተለየ፣ ከ«ታርታሮስ» (ግሪኮች ከሁሉ የጠለቀውን ጥልቅ ከሚጠሩበት ስም) የተበጀ ግስ አለው፤ አማርኛው እዚያም «ገሃነም» ብሎታል። በሕዝብ አፍ «እንጦሮጦስ» የሚለው ቃል እያለ ሦስቱን በአንድ ማጠቃለል ያስቆጫል።

ሁለተኛው ምክንያት የሀብታሙና የአልዓዛር ታሪክ ነው፤ በእኛ ትውፊት ነዌ የሚባለው ባለጸጋ በወንጌሉ ስም አልተሰጠውም። ሉቃስ 16፥23 «በሲኦልም በሥቃይ ሳለ» ይላል፤ ቀጥሎም ነበልባል ይጠቀሳል። ግሪኩም ሐዴስ ነው እንጂ ጌኤና አይደለም። ስለዚህ ሲኦል ሥቃይ የለበትም ብዬ ልደመድም አልችልም፤ በዚያ ቦታ ባለጸጋውን ከአብርሃምና ከአልዓዛር የሚለይ ታላቅ ገደል አለ። ይህ ምሳሌ ነው ወይስ የሆነ ታሪክ፣ ነፍስስ ከፍርድ ቀን በፊት ምን ይሰማታል በሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ፤ ያንን የሚወስነው የቋንቋ ሊቅ አይደለም። ቋንቋው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሉቃስ በዚህ ቦታ ገሃነም የሚለውን ቃል ሊጠቀም ይችል ነበር፣ በ12፥5 ተጠቅሞበታልና፤ እዚህ ግን አልተጠቀመበትም።

ሦስተኛው የዕለት ተዕለት ንግግራችን ነው። «ኑሮዬ ሲኦል ሆነ»፣ «ቤቱ ገሃነም ነው»፣ «ገሃነም ግባ!» ስንል ሁለቱም የሥቃይ ጥግ ማለት ብቻ ሆነዋል። ይህ ዘይቤያዊ አነጋገር ስለሆነ በደህና ጊዜ አይጎዳም፤ ማንም አያርመው። በትምህርትና በስብከት ግን ቃሉን በቦታው መጠቀም ግዴታ ነው እላለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሻገር። «ገሃነመ እሳት» የግዕዝ ዘርፍና ባለቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕገ መንግሥት እንደምንለው የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ወደ ግዕዝ ድምፅ (ወደ መጀመሪያው ፊደል፣ ከ«ም» ወደ «መ») ይዞራል፣ ትርጉሙም የእሳት ገሃነም ነው። በማቴዎስ 5፥22 የተጻፈው እንዲሁ ነው። «ገሃነም እሳት» የሚለው በአፍ የተለመደ ቢሆንም በጽሑፍ ሲሆን ወይ ግዕዙን ጠብቀው «ገሃነመ እሳት» ይበሉ፣ ወይ በአማርኛ ሥርዓት «የገሃነም እሳት» ይበሉ። በመጨረሻው ላይ ያለው «ም» ደግሞ የሚያኮራ ምስክር ነው፤ በግሪኩ ጌኤና የለም፣ በሶርያኛውም የለም፣ በእብራይስጡ ሂኖም ግን አለ። ከዚህ ተነሥተው ሊቃውንት ግዕዝ ቃሉን ከግሪክ ወንጌል ሳይሆን ከአይሁድ አራማይክ እንዳገኘው ይናገራሉ። በአዳማ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ጀሀነም» የሚሉትም የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ ዓረብኛው ከግዕዙ የተወሰደ ነው የሚሉ ታላላቅ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች አሉ።

በአጻጻፍ በኩል ሲኦል በአልፋው «ኦ» እንጂ በዐይኑ «ዖ» አይጻፍም፤ በእብራይስጡ ያለው ፊደል አሌፍ ነው። ገሃነምም በሃሌታው «ሃ» እንጂ በሐመሩ «ሐ» ወይም በብዙኃኑ «ኀ» አይጻፍም። ጾታውን በተመለከተ ሲኦል በአማርኛ ሁለቱንም ይቀበላል፤ በኢሳይያስ 5፥14 አፍዋን ያለ ልክ የከፈተች ሴት ናት፣ በ1 ቆሮንቶስ 15፥55 ግን «ሲኦል ሆይ፥ ድል መንሣትህ የት አለ?» ተብሎ እንደ ወንድ ይጠራል። ለሕፃናቱ ሲጽፉ የመረጡትን አንዱን ይዘው እስከ መጨረሻው ይሂዱበት፤ እኔ «ሲኦል ተበረበረች» የሚለውን የአባቶች አነጋገር ስለምወድ አንስታይ ጾታን እመርጣለሁ።