ለአፀደ ሕፃናት ወጣት መምህራን፦ ልጁን በራሱ እርምጃ ስለ ማስተማር

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሕፃናት የምታስተምሩ ልጆቼ፥

ሕፃን በራሱ ፍጥነት ይማር ሲባል እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። በየኔታ ዘንድ አንዱ ሀሁ ሲቆጥር ሌላው አቡጊዳ፣ ሌላው ንባብ ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና መምህር ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የሕፃናት ቤቷን ከከፈተች ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ደግሞ ልጁ ስህተቱን በራሱ የሚያይበትን መሣሪያ በእጁ ይሰጠዋል።

ከማፍሰስ ጀምሩ። በአንድ ትሪ ሁለት እኩል ስኒ አስቀምጡና የግራውን እስከ ግማሹ ባቄላ ሙሉት። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ገልብጡ። እያወራችሁ ካሳያችሁት አፋችሁን እንጂ እጃችሁን አያይም። ትሪው ላይ የተንጠባጠበው ባቄላ ስህተቱን ስለሚነግረው እናንተ አትንገሩት። ሽምብራና አተር ለሦስት ዓመት ልጅ አትስጡ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል። ባቄላውም ቢሆን ከዓይናችሁ አይራቅ። እጁ ሲጸና በውኃ ተኩት።

ለፊደል ከለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ‹መ›ን እና ‹ተ›ን ቆርጣችሁ ጣውላ ላይ ለጥፉ፤ ሻካራው ጣት ይልጣል። ልጁ በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ በአጻጻፉ አቅጣጫ ይዳስሰው። መጀመሪያ «ይህ ‹መ› ነው» በሉት። ቀጥሎ «‹መ›ን ስጠኝ፣ ‹ተ›ን ምንጣፉ ላይ አድርግ» እያላችሁ ደጋግማችሁ አጫውቱት። «ይህ ምንድን ነው?» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ መምህር መካከለኛውን ዘልሎ ወደ ጥያቄው ይሮጣል፤ ልጁም ይሸማቀቃል። ካልመለሰ ሳትነቅፉ ጣውላውን አንሱና ሌላ ቀን ከመጀመሪያው ጀምሩ። መልካቸው የሚቀራረበውን ‹ለ›ን እና ‹ሰ›ን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ‹ሀ›ን እና ‹ሐ›ን በአንድ ቀን አታቅርቡ።

ከዚያ አሸዋ። ነፍታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ጥቁር ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ በስሱ፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ አፍስሱ። ከወፈረ ጣቱ ያሰመረው ይደረመሳል፣ ወረቀቱም አይታይም። ሲሳሳት ትሪውን ይነቀንቀዋል፤ ይጠፋለታል። ደብተር ይህን አያደርግለትም፣ እርሳስም ገና ላልጸና እጅ ይከብዳል።

ክፍሉ ቢጨናነቅም ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ የደንገል ምንጣፍ ስጡት፤ የማንም እግር አይረግጣትም። ወላጅ የተጻፈበት ደብተር ቢጠይቃችሁ ወላጁን ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ልጁ ሲሠራ ሃያ ደቂቃ አሳዩት።

ማታ ሳትወጡ ትሪዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ስኒ ከጎደለ ልጁ ሥራውን ትቶ እናንተን ሊጠይቅ ይመጣል።