የሕግ ምክር፦ «ገበያው ጨምሯል፣ ቀብድህን ውሰድ» የሚል ሻጭ

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪና ነጋዴ ነኝ። በደላላ አማካይነት ያገለገለ ፖርሽ 911 ካሬራ ኤስ፣ እ.ኤ.አ. የ2014 ሥሪት፣ በ16 ሚሊዮን ብር ለመግዛት ተስማማሁ። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን በእጅ በተጻፈ ውል ሁለት ምስክር ባለበት ተፈራረምን። 2 ሚሊዮን ብር በባንክ አስገባሁለት። ከሁለት ወር በኋላ ሻጩ ደውሎ «ዶላሩ ጨምሯል፣ 22 ሚሊዮን የሚሰጠኝ ሰው መጥቷል፤ ወይ 6 ጨምር ወይ ቀብድህን ውሰድ» አለኝ። ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ ውሉ ላይ አልፈረመችም። መኪናውን ከውጭ ሲመለስ ራሱ ነው ያስገባው፤ ታርጋው የአዲስ አበባ ነው። ስለ ቀረጡ ስጠይቀው «እሱ በኋላ ይስተካከላል» ብሎኛል። ደላላው ደግሞ ከተስማማችሁ ስም ከማዛወር በውክልና ጨርሱት ይለኛል። መኪናውን አስገድጄ መረከብ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የላኩትን የውል ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ጉዳይዎን የሚወስነው ሦስተኛው መስመር ነው፦ «ከጠቅላላ ዋጋው ላይ ብር 2,000,000 (ሁለት ሚሊዮን) ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ቀሪው ስም ሲዛወር ይከፈለኛል።» ከዚህ ሌላ ስለ መቀጮም ሆነ ውል ስለ ማፍረስ የተጻፈ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ሻጩ ያነሳውን ምክንያት እንየው። ዋጋ መጨመሩ እውነት ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት ቤንዚን በል የቅንጦት መኪኖች ተተኪ የላቸውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እንዲህ ባለ ገበያ ሁለት ወር ረጅም ጊዜ ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ምክንያት ቦታ አልሰጠውም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 አንደኛው ወገን ግዴታው ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1763 ደግሞ ዳኛው ርትዕ ነው ብሎ ውል እንዳይለውጥ ይከለክላል። በቁጥር 1793 ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ እንኳ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም። ስለዚህ «ዶላር ጨመረ» ብሎ 6 ሚሊዮን የመጠየቅ መብት የለውም። እርስዎም አንድ ብር የመጨመር ግዴታ የለብዎትም።

ነገር ግን ሻጩ ሌላ በር አለው፤ እሱንም የከፈተለት ያ ሦስተኛ መስመር ነው። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል፤ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ መተው ይችላል። እናንተ ሌላ ስምምነት ስላላደረጋችሁ ሻጩ ውሉን መተው ከፈለገ የሚመልሰው 4 ሚሊዮን ብር ነው። «ቀብድህን ውሰድ» የሚለው አነጋገር በገበያ የተለመደ ቢሆንም በሕግ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው። 2 ሚሊዮኑን ብቻ መልሶ ከውሉ መውጣት አይችልም፤ አራቱን እስካልከፈለ ድረስ ከውሉ ጋር እንደታሰረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎት። ነገ ሳይነግርዎት 2 ሚሊዮን ብር ወደ ሂሳብዎ ሊያስገባ ይችላል። ዝም ካሉ በኋላ ላይ «ተስማምተን ነው ያፈረስነው፣ ገንዘቡንም ወስዷል» ብሎ ይከራከራል። ገንዘቡ በገባ ዕለት ውሉን ለማፍረስ እንዳልተስማሙና ገንዘቡን ሊከፍል ከሚገባው 4 ሚሊዮን ላይ የሚታሰብ አድርገው እንደሚይዙት በጽሑፍ ያሳውቁት። በስልክ መናገር አይበቃም።

ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። ቁጥር 1772 በውል አልፈጸምክም ብሎ ለመክሰስ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ በዚህ ቀን የተፈረመውን ውል፣ የከፈሉትን ገንዘብ፣ ቀሪውን 14 ሚሊዮን ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹና ለምሳሌ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥተው ወይ ስም እንዲያዛውር ወይ እጥፉን እንዲከፍል ይጠይቁ። ዝግጁነትዎ የቃል ብቻ መሆን የለበትም። በቁጥር 1757 ሌላው እንዲፈጽም የሚጠይቅ ሰው የራሱን ግዴታ መፈጸሙን ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ማሳየት አለበት። በሻጩ ስም የተሠራ ሲፒኦ፣ ካልሆነም ገንዘቡ በሂሳብዎ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ይያዙ። ብዙ ገዢዎች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ፤ ሻጩ ጥፋተኛ እንደሆነ እየታወቀ እነሱም ገንዘቡን ይዘው አልቀረቡም ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ መኪናውን አስገድዶ መረከብ። ለመከራከር የሚያስችል መሠረት አለዎት። በቁጥር 2330 ገዢው ያለ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ መግዛት የሚችል ከሆነ ሻጩን በግድ አስረክብ ማለት አይችልም። የመኪና ክሶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይወድቃሉ፤ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከሌላ ሰው ይገዛል። የእርስዎ ግን የተለየ ነው። ይህ መኪና በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የማስገቢያው በርም ተዘግቷል። ሻጩ ዋጋ ለመጨመር የተጠቀመበት እጥረት ለእርስዎ ክርክር ድጋፍ ይሆናል።

ቢሆንም በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው እንዲሄዱ አልመክርዎትም። ምክንያቴም ሦስት ነው። አንደኛው ያው 1885 ነው፤ ሻጩ በክሱ መሃል ተነሥቶ እጥፉን ልክፈል ካለ መኪናውን የማስረከቡ ጥያቄ እዚያው ሊያበቃ ይችላል። የ6 ሚሊዮኑን የዋጋ ልዩነት በካሳ ብንጠይቅም፣ ግምቴን ከጠየቁኝ ፍርድ ቤቱ ከእጥፉ ቀብድ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሁለተኛው የውሉ ፎርም ነው። ስም ለማዛወር የሚያገለግለው በውልና ማስረጃ ቀርቦ የተረጋገጠ ውል ነው፤ የእናንተ ግን የካፌ ወረቀት ነው። የሻጩ ጠበቃ ይህንን ይዞ ቁጥር 1720ን ይጠቅሳል፤ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ያለው ነገር የውል ረቂቅ ብቻ ነው የሚለውን። ያ ክርክር ከተሳካለት ነገሩ ወደ ቁጥር 1815 ይሄዳል፤ ሁላችሁም ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ፣ እርስዎም 2 ሚሊዮንዎን ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

ሦስተኛው ሚስቱ ናት፤ ይህ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ቢኖረውም በዚህ ነጥብ መንፈሱ አንድ ነው። 500 ብር! የ16 ሚሊዮን ብር መኪና ደግሞ ያለ ሚስት ፊርማ ተፈርሟል። በአንቀጽ 69 መሠረት ያልፈረመችው ሚስት ሽያጩን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ ባታውቅም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ባል ውል አልፈልግም ባለ ማግስት ሚስት «አላውቅም ነበር» ብላ ስትመጣ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። መኪናው በእርግጥ የጋራ ነው ወይስ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የግሉ ነው የሚለውን ከአሁኑ ያጣሩ።

ስለዚህ ሻጩ 4 ሚሊዮን ልክፈል ካለ ይቀበሉ፤ ምክሬ ይህ ነው። ለሁለት ወር የታሰረው 2 ሚሊዮን እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፣ ከፍርድ ቤት ምልልስም ይድናሉ። 22 ሚሊዮን የተባለውም ዋጋ ነገ እዚያው ይቆያል ብለው አይመኑ። ገበያው በክልከላው ምክንያት እንደወጣ ሁሉ፣ የነዳጅ ዋጋ እየናረና የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ሲሄድ የመለዋወጫና የጥገና ችግር ያለበት መኪና ፈላጊው ሊቀንስ ይችላል። ዋጋው ቢወርድ ኖሮ ያው 1885 ለእርስዎ በሠራ ነበር፤ 2 ሚሊዮኑን ለቀው 16 ሚሊዮን ከመክፈል መዳን ይችሉ ነበር።

እምቢ ካለ ግን መዘግየት የለም። ለ22 ሚሊዮኑ ሰው ስሙን አዛውሮ ከጨረሰ በእጅዎ የሚቀረው የገንዘብ ክስ ብቻ ነው። ከክሱ ጋር አብረው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ ጥያቄ ያቅርቡ። የመኪናው የምዝገባ ፋይል ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ እግዱ መድረስ ያለበት ለአዲስ አበባ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ትእዛዙ አዳማ ላይ ወጥቶ ፋይሉ ላይ ካልገባ ዋጋ የለውም፤ ራስዎ ይዘውት በፈጣን መንገዱ ሄደው ማስገባትዎን በማኅተም ያረጋግጡ።

ምናልባት ሻጩ ተመልሶ በ16ቱ ወይም በመካከለኛ ዋጋ እንጨርስ ቢልዎትስ? ያኔ ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄድዎ በፊት ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም መኪናው ሲገባ የተሰጠውን የጉምሩክ ሰነድ፣ ይጠይቁ። «ቀረጡ በኋላ ይስተካከላል» የሚለው ነገር በጣም አሳስቦኛል። መኪናው ከውጭ በመመለሱ ምክንያት ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ መብቱ የሌለው ሰው ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል ሊገዛው አይችልም፤ እስከ መወረስ የሚያደርስ ነገር ነው። ቀረጡም ቀላል አይምሰልዎ። ሞተሩ 3.8 ሊትር ነው፤ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከባዱን ማስከፈያ ልክ የጣለው ትልቅ ሞተር ባላቸውና ረጅም ዘመን ባገለገሉ መኪኖች ላይ ነው። ይህ ዕዳ የማን እንደሆነ በግልጽ ሳይጻፍ 14 ሚሊዮን አይልቀቁ። የዕዳና የእገዳ ማጣሪያውንም ከዚያው ፋይሉ ካለበት ያውጡ። የባንክ መያዣም የፍርድ ቤት እግድም እዚያ ይታያል።

የመኪናውን ሁኔታ በተመለከተ፣ አገር ቤት የሚዘጋጁ ውሎች ሁሉ «መኪናውን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር አላቸው። ባለሙያ ሳያይልዎ አይፈርሙበት። ይህ መኪና ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ በኮምፒውተሩ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ትክክለኛው መሣሪያ ያለው ጋራዥ መዝገቡን ማውጣት ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቢነካካ እንኳ ከሌሎቹ መረጃዎች ጋር አለመግጠሙ ያጋልጠዋል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር 17ቱንም ፊደልና አኃዝ መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ከተረከቡ በኋላ የተደበቀ ጉድለት ቢያገኙ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ ክስ ለማቅረብ ያለዎት አንድ ዓመት ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ «አይቼ ወድጄ» የሚለው መስመር አያድነውም፤ መደበቁን ማስረዳት ግን የእርስዎ ሥራ ነው።

የደላላው «በውክልና እንጨርስ» የሚለው ሐሳብ አይሆንም። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፣ ሲሞትም በመሠረቱ ይቀራል፤ መኪናው ግን በሊብሬው አሁንም የሱ፣ ከሱም የወራሾቹ ነው። ለሻጩም አይበጀውም። በቁጥር 2081 ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ስለሆነ፣ እርስዎ በፈጣን መንገዱ ላይ ሰው ቢጎዱ ተከሳሽ የሚሆነው እሱ ነው። ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም እንደዚሁ ይቅር። በቁጥር 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ 16 ከፍለው 5 ከተጻፈ፣ ውሉ በፈረሰ ቀን ለማስረዳት የሚቀልዎት 5ቱን ብቻ ነው።

አዲስ ውል የምትዋዋሉ ከሆነ ደግሞ ያቺ ሦስተኛ መስመር በዚህ ትተካ፦ «ብር 2,000,000 ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ቀብድ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 በዚህ ውል ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን ለሌላው ብር … መቀጮ ይከፍላል።» በውልና ማስረጃ ፊት የሚስትየው ፊርማ ከዚህ ሥር ይግባ።

ጉዳዩ ክስ ከሆነ አቤቱታው አዳማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚቀርበው። ውላችሁ በአማርኛ ስለተጻፈ ትርጉሙን አሠርተው ከዋናው ጋር ያያይዙ። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኙን፣ ሻጩ 6 ሚሊዮን የጠየቀበትን የስልክ መልእክት ካለ ሳያጠፉ፣ የሁለቱን ምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻም አብረው ይያዙ። ማስጠንቀቂያው ግን ዛሬውኑ ይውጣ።